እኩል የሌለው ካልኩሌተር

ናፍታሊኑ የሸተተኝ መሳቢያውን ገና ከመሳቤ ነው። አጎቴ ናፍታሊን የሚያደርጉት ልብስ ውስጥ ብቻ አልነበረም፤ ደረሰኝ፣ የቤት ካርታ፣ የባንክ ደብተር፣ የሠርግ ፎቶ ባለበት ሁሉ አንዳንድ ፍሬ ጣል ያደርጉ ነበር። ብል ወረቀትም አይምርም ባይ ነበሩ። ቤቱ ሊታደስ ዕቃ ስናወጣ፣ ከጥቁር ማኅደሩ ተንሸራቶ መዳፌ ላይ ያረፈው ካልኩሌተርም ያንኑ ሽታ ጠጥቶ ኖሯል።

ኤችፒ 12ሲ ነው። እንደ ሌሎች ካልኩሌተሮች ቁመቱን የቆመ ሳይሆን ጎኑን የተኛ፣ ፊቱ ወርቅማ፣ ቁልፎቹ ጥቋቁር ሆነው በብርቱካንና በሰማያዊ ጥቃቅን ጽሑፍ የተዥጎረጎሩ። መሀል ላይ የሁለት ረድፍ ቦታ ይዞ የቆመ ረጅም ቁልፍ አለ፤ ኤንተር የሚለው ከላይ ወደ ታች ተጽፎበታል። ሁለት አጫጭር መስመር የተጋደመበትን የ«እኩል ይሆናል» ቁልፍ ግን ብትፈልጉት አታገኙትም። ድሮም አልነበረም።

በዚህ የተነሳ ካልኩሌተሩን ሌባ አልነካውም። ቢሮ ውስጥ ካልኩሌተር እግር እንዳለው የሂሳብ ክፍል የሠራ ሁሉ ያውቃል፤ «አንዴ አውሰኝ» ተብሎ ይወጣና በዚያው ይቀራል። የአጎቴን የሚዋስ ሰው ግን ሁለት ሲደመር ሁለት ለማለት ይሞክራል፣ መጨረሻ ላይ የሚጫነው ቁልፍ ያጣል፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ሳይበላሽ አይቀርም» እያለ ይዞት ይመለሳል። እሳቸውም «አዎ፣ ተበላሽቷል» ብለው ወደ ማኅደሩ ይከቱታል።

የወር መጨረሻ ሲቃረብ የደመወዝ ሊስት ቤት ይዘው ይመጡ ነበር። የጠረጴዛው ዳንቴል ይነሳል፣ በመካከላቸው ካርቦን የገባባቸው ሰፋፊ ወረቀቶች ይዘረጋሉ፣ እርሳሱ ጆሮ ላይ ይሰካል። እኔ ቁጥር አንባቢ ነበርኩ። «አራት መቶ ሃያ ከሰባ አምስት» እላለሁ፤ እሳቸው ከወረቀቱ ቀና ሳይሉ ይጫናሉ። የዚያ ካልኩሌተር ቁልፍ ሲጫኑት ቀጭ ይላል፤ ጣት ላይም ጆሮ ላይም የሚደርስ ትንሽ ድምፅ። ዘንድሮ በስልክ መስታወት ላይ የሚያሰላ ሰው ይህን አያውቀውም። ካርቦኑ ደግሞ ጣቴን ወይን ጠጅ አድርጎት እራት ላይ እናቴ ትቆጣኛለች።

«ጋሼ፣ እኩል ይሆናል የሚለው የት ነው?» ብዬ የጠየቅኋቸው በአንደኛው የወር መጨረሻ ነው።

«ምን ያደርግልሃል?»

«መልሱን እንዲነግረን ነዋ።»

«መልሱንማ ነገረህ እኮ።» እርሳሱን አስቀመጡ። «እናትህ ሱቅ ስትልክህ ምን ብላ ነው? ‹አምጣ ስኳር ግማሽ ኪሎ› ትልሃለች?»

«ኧረ! ‹ግማሽ ኪሎ ስኳር አምጣ› ነው እንጂ።»

«በቃ። ይኼም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ ዕቃውን ስጠው፤ የሚያደርገውን ኋላ ንገረው። ‹አምጣ› ካለችህ በኋላ ሌላ ምን ትጠብቃለህ?»

ከዚያ ወዲህ ቁጥር በቁጥር ላይ ስለሚቆለልበት ስለዚህ አሠራር፣ ስለ ስታክ፣ ብዙ አንብቤአለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ግን አላገኘሁም። በትምህርት ቤት ሂሳብ የመደመር ምልክት ከሁለት ቁጥሮች መካከል ይገባል። 3 ትላለህ፣ «ሲደመር» ትላለህ፣ የሚደመረው ገና አልመጣም። ማሽኑ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል፤ ቀጥሎ ቅንፍ ይምጣ ማባዛት ይምጣ አያውቅምና «እኩል ይሆናል» እስክትለው መቁረጥ አይችልም። እኛ ስንናገር ግን ግሳችን መጨረሻ ላይ ነው። 3ን እና 4ን ደምር፤ ከ7 ላይ 2 ቀንስ፤ ሁለቱን አባዛ። «አባዛ» ሲባል የሚባዛው ሁሉ ቀድሞ ቀርቧል፤ ዓረፍተ ነገሩም ሂሳቡም እኩል ያልቃሉ። አሜሪካ ውስጥ የተሠራው ካልኩሌተር ቁልፉ ላይ የታተመው እንግሊዝኛ ይሁን እንጂ አሰካኩ እንደኛ ነበር።

ይህንኑ ሂሳብ፣ (3 + 4) × (7 − 2)ን፣ ቅንፍ ባለው ካልኩሌተር ላይ ለመሥራት ቅንፎቹንና «እኩል ይሆናል»ን ጨምሮ 12 ጊዜ መጫን ይጠይቃል። በአጎቴ ካልኩሌተር ላይ 3፣ ኤንተር፣ 4፣ ደምር፣ 7፣ ኤንተር፣ 2፣ ቀንስ፣ አባዛ፤ 9 ጊዜ። 35። ቅንፍ የሚባል ነገር አልገባበትም፣ በሽራፊ ወረቀት ላይ የተመዘገበ የመሃል ውጤትም የለም። የመጀመሪያው 7፣ ማለትም የ3 እና የ4 ድምር፣ ሁለተኛው ስሌት እስኪያልቅ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ይጠብቃል።

የሚጠብቅበት ቦታ ግን አራት ብቻ ነው። ኤክስ የምናየው ነው፤ ከሱ በላይ ዋይ፣ ዚ እና ቲ አይታዩም። አጎቴ ይህን ያስተማሩኝ በማጭበርበር ነው። «ከ1 እስከ 5 በተራ አስገባ፤ በየመካከሉ ኤንተር። ከዚያ አራት ጊዜ ደምር በለው።» አደረግሁ። የ1፣ 2፣ 3፣ 4 እና 5 ድምር 15 መሆኑን የማያውቅ ተማሪ የለም። መስኮቱ ላይ የወጣው 16 ነበር።

«ኦዲተር መጣ እንበል» አሉ እየሳቁ። «አንዷ ብር ማን ጋ ናት? ትርፍ ሁለቱን ብርስ ማን አገባው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። 5 ሲገባ አራቱም ቦታ ስለሞላ ላይኛው ጫፍ ላይ የነበረው 1 ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ወድቆ ጠፋ። መደመሩ ሲጀመር ደግሞ ከታች ሁለቱ ቁጥሮች አንድ በሆኑ ቁጥር ቁልሉ አንድ ደረጃ ይወርዳል፤ ላይኛው ቦታ ግን ባዶ አይሆንም፤ የያዘውን ቁጥር ለታችኛው ይሰጥና ራሱም ይዞት ይቀራል። ስለዚህ 2 ሁለት ጊዜ ተደመረ። 5፣ 4፣ 3፣ 2፣ እንደገና 2።

ይህንን ጉድለት ወደ ሙያ የቀየሩት ግን እሳቸው ነበሩ። 1.05 አስገብተው ኤንተርን ሦስት ጊዜ ይጫናሉ፤ አራቱም ቦታ በ1.05 ይሞላል። ከዚያ 1000 ይጽፋሉ፣ ማባዣዋን ይነካሉ፤ 1,050.00። እንደገና፤ 1,102.50። እንደገና፤ 1,157.63። አንድ ሺህ ብር በ5 በመቶ ወለድ በየዓመቱ ምን እንደሚሆን በአንድ ጣት ይቆጥራሉ፤ 1.05 ከላይ እየወረደ አያልቅም። ጎረቤት የዕቁብ ገንዘቡን የት ላስቀምጥ ብሎ ሲመጣ ይህችን ትርኢት ያሳዩት ነበር። ምክሩ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሰውየው ግን ካልኩሌተሩን እያየ የበለጠ ያምናቸዋል።

ቅደም ተከተሉን አታጥብቁብኝ። ፒያሳ አካባቢ ፎቅ ላይ የኮምፒውተር ሥልጠና የገባሁት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ከዚህ ሁሉ በፊት ይሁን በኋላ፣ ወይስ በመካከሉ፣ አሁን ሳስበው ይምታታብኛል። የማይምታታብኝ የካልሲ ሽታ ነው። ኮምፒውተር አቧራ አይወድም ተብሎ በር ላይ ጫማ ይወልቅ ነበር። ሰም በተቀባ ወለል ላይ በካልሲ እየተንሸራተትን እንገባለን፤ ማሽኖቹ ጨርቅ ልብስ ተሰፍቶላቸው እንደ ሙሽራ ተሸፋፍነው ይጠብቁናል። በሁለተኛው ሰዓት ላይ ክፍሉ የሰሙ፣ የሞቀው ፕላስቲክና የሃያ ሰው ካልሲ ቅልቅል ይሸታል። ፕሮግራሚንግን ከዚህ ሽታ ለይቼ ማሰብ ዛሬም ያስቸግረኛል።

ለአንድ ማሽን ሦስት ነበርን። አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ከደብተር ያነባል፣ ሦስተኛው ሰዓት ያያል። ተራው አጭር በመሆኑ ፕሮግራሙ አስቀድሞ ወረቀት ላይ ማለቅ ነበረበት። ባለ ሳጥን ደብተር ላይ በእርሳስ፣ መስመር በመስመር፣ ማሽኑ የሚያደርገውን ሁሉ እኛው እያደረግን። ከዚያ የተርቦ ፓስካል ሰማያዊ መስኮት ላይ በቢጫ ፊደል መገልበጥ ብቻ።

የዚያ ሳምንት የቤት ሥራ በሰሌዳው ላይ አንዲት መስመር ነበረች።

3 4 + 7 2 − ×

«ይህን አስልቶ መልሱን የሚያትም ፕሮግራም» አለ ቲቸር። ወጣት ነበር፤ ጠመኔ በያዘበት እጁ ፀጉሩን ስለሚነካካ ከክፍል ሲወጣ ሸብቶ ነው። የክፍሉ ልጆች «ቲቸር፣ ምልክቶቹ ቦታቸውን ስተዋል» ብለው ሳቁ። እኔ የሳቅኩት በሌላ ምክንያት ነው፤ የአጎቴን ካልኩሌተር ሰሌዳ ላይ ማየቴ ገርሞኝ። ያኔ ነው ያ አራት ቦታ ስታክ የሚባል ስም እንዳለው፣ ማስገባቱ ፑሽ፣ ማውጣቱ ፖፕ እንደሚባል የሰማሁት።

መፍትሔው ለመናገር አጭር ነው። መስመሩን ከግራ ወደ ቀኝ አንብብ። ቁጥር ካገኘህ ቁልሉ ላይ ጫን። ምልክት ካገኘህ ከላይ ሁለት ቁጥር አውጣ፣ ምልክቱ ያዘዘውን አድርግ፣ ውጤቱን መልሰህ ጫን። መስመሩ ሲያልቅ ቁልሉ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ መቅረት አለበት፤ መልሱ እሱ ነው። በፓስካል ይህ ማለት መቶ ቦታ ያለው አንድ አሬይ እና «ቶፕ» የሚባል አንድ ኢንቲጀር ነው። ቶፕ ጫፉ የት እንዳለ ይነግራል፤ ስንጭን በአንድ ይጨምራል፣ ስናወጣ በአንድ ይቀንሳል። ሌላ የተደበቀ ነገር የለውም። የወጣው ቁጥር እንኳ በእውነት አይሰረዝም፤ ቶፕ ዝቅ ስለሚል ብቻ እንደሌለ ይቆጠራል፣ አዲስ ቁጥር እስኪጫንበት ድረስ እዚያው አለ።

ደብተሬ ላይ ሳጥኖቹን ወደ ላይ እየደረደርኩ ሞላሁ። 3። በላዩ 4። የመደመር ምልክት መጣ፤ ሁለቱ ወጡ፣ 7 ገባ። ቀጥሎ ከመስመሩ 7 መጣ፤ እሱም በላዩ ተጫነ። እዚህ ላይ እርሳሴን አነሳሁ። ሁለት ሳጥን፣ ሁለት 7። አንደኛው ተሠርቶ የመጣ፣ ሌላው ገና ጥሬ። ስታኩ ለሁለቱም አይለይም፤ ከየት መጣህ ብሎ አይጠይቅም። ያንን ገጽ ዛሬም ቁልጭ አድርጌ አየዋለሁ፤ በአጎቴ ካልኩሌተር ላይ የማይታየኝ የነበረው ዋይ፣ በእርሳስ ተሥሎ ፊቴ ነበር። ከዚያ 2 ገባ፣ ከ7 ላይ ተቀንሶ 5 ሆነ፣ 7 እና 5 ተባዝተው 35።

በማግስቱ ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ግን ከግማሽ በላይ በሚሆኑት መስኮቶች ላይ −35 ወጣ። ቲቸር ዞር ዞር ብሎ አየና ደስ ያለው መሰለ። ጥፋቱ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር፤ መቀነሱን እዚያ መስመር ላይ ያስገባው ለዚሁ ነው።

«ከስታኩ ቀድሞ የሚወጣው ማን ነው?» አለ።

«2» አሉ።

«እናንተስ ቀድሞ የወጣውን ምን አደረጋችሁት?»

ዝም። ቀድሞ የወጣውን በግራ ጽፈውት፣ ከ2 ላይ 7 ቀንሰው ነበር። መደመርና ማባዛት ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም አያውቅባቸውም፤ 3 እና 4ን ብትገለብጣቸው 7 ናቸው። መቀነስና ማካፈል ናቸው የሚያጋልጡት። ኋላ የገባው ቀድሞ ስለሚወጣ፣ ቀድሞ የወጣው የቀኝ ነው፣ ቀጥሎ የወጣው የግራ። ሁለት ቃላት ቦታ ተለዋውጠው ፕሮግራሙ ተስተካከለ። የኛ ማሽን 35 ነበር ያወጣው፤ የብልህነት ጉዳይ አልነበረም፣ የደመወዝ ሊስት ላይ ከጠቅላላው ተቀናሹን ስንት ጊዜ እንዳስቀነስኩ አጎቴ ያውቃሉ።

ያ የአጻጻፍ ስልት የፖላንዱ የአመክንዮ ሊቅ የያን ዉካሼቪች ውለታ እንዳለበት የነገረን ቲቸር ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1924 ምልክቱን ከቁጥሮቹ በፊት ቢያስቀምጡት ቅንፍ ጨርሶ እንደማያስፈልግ አሰበ። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ምልክቱን ወደ መጨረሻ የወሰደው የኋላ ሰው ነው፤ ለዚህም «የተገለበጠ ፖላንድኛ» ይባላል። ዉካሼቪች በ1919 የአገሩ የትምህርት ሚኒስትር ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደብሊን ገብቶ እዚያው በ1956 ዐረፈ። በዓመቱ፣ በ1957፣ ጀርመኖቹ ፍሪድሪሽ ባወር እና ክላውስ ዛመልዞን የስታክን አሠራር የፈጠራ መብት ይሰጠን ብለው አመለከቱ። የኪስ ካልኩሌተሩ ኤችፒ 35 የወጣው ደግሞ በ1972 ነው፤ ዋጋው 395 ዶላር፣ እሱም ባለ አራት ቦታ ስታክ፣ እሱም እኩል የሌለው። የአጎቴ 12ሲ በ1981 ተከተለ። እንግዲህ አንድ ፈላስፋ ቅንፍ ስለጠላ፣ የሂሳብ ሠራተኛው አጎቴ ከስልሳ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ላይ ካልኩሌተራቸው ከሌባ ተረፈ።

እኛ ግን በተለመደው መንገድ፣ ምልክቱን መሀል አስገብተን የምንጽፈውን ማን ይገልብጥልን? የሚገለብጠውን ዘዴ የሆላንዱ ኤድስገር ዳይክስትራ በ1961 ጻፈው፤ የዘዴውንም ስም የወሰደው ፉርጎ ከሚደረደርበት የባቡር ግቢ ነው። ቲቸር «ለገሃር ሄዳችሁ ባቡር ፉርጎ ሲቀያይር አላያችሁም?» ብሎ ሦስት ሐዲድ ሰሌዳ ላይ ሣለ። ቁጥሮች በዋናው መስመር ዝም ብለው ያልፋሉ። ምልክቶች ወደ ጎን መስመር ገብተው ይቆማሉ፤ ጎን መስመሩ ሌላ ስታክ ነው። መደመር ሲመጣ ጎን ላይ ማባዛት ቆሞ ካገኘ፣ ባለ ማዕረጉ ማባዛት መጀመሪያ ይወጣል፣ ከዚያ መደመር ቦታውን ይይዛል። የሚከፍት ቅንፍ ገብቶ ይቆማል፤ የሚዘጋው ሲመጣ እስከ ከፋቹ ድረስ ያሉት ምልክቶች ሁሉ ወጥተው ይሄዳሉ፣ ሁለቱ ቅንፎችም እዚያው ይጠፋሉ። ጫፉ ላይ የሚደርሰው ባቡር ቅንፍ የለውም። የዚያን ቀን ከሥልጠናው ወጥቼ በእግሬ ለገሃር ድረስ ወረድኩ። ፉርጎ የሚቀያይር ባቡር አልነበረም፤ የናፍጣና የዛገ ብረት ሽታ ብቻ።

ልጄ ዘንድሮ ፓይተን እየተማረች ነው። ይህንኑ ጥያቄ ሰጥተዋት ሻይዋ ሳይቀዘቅዝ ጨረሰችው። አሬይ የለ፣ ቶፕ የለ፣ መቶ ቦታ ቢሞላስ የሚል ስጋት የለ፤ የፓይተን ሊስት ራሱ ስታክ ይሆናል፣ ማስገቢያውም ማውጫውም ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። እኛ ተርቦ ፓስካል ላይ ድንበሩ ይጠበቅ ብለን ካላዘዝን፣ መቶ አንደኛው ቁጥር የሌላውን ቦታ ረግጦ ዝም ይል ነበር። እሷ እንዲህ ያለ ዝምታ አልገጠማትም፤ ማሽኗ ሲሳሳት ወዲያው ይጮኻል። ከኔ የበለጠ ታውቃለች፣ የምታውቀውም በፍጥነት ነው። ቢሆንም የአጎቴን ካልኩሌተር ሰጥቻት ከ1 እስከ 5 ደምሪ ስላት፣ 16 ሲወጣ ተበሳጨች። «አባዬ፣ ይሄ ባግ ነው።» አይደለም፤ አራት ቦታ ነው ያለው። ቁልሉ መጠን አለው የሚለው ነገር በጣቷ አልፎ አያውቅም። የባትሪ ሳይሆን የቦታ እጥረት የሚባል ነገር ማሽን ውስጥ እንዳለ ለማስረዳት ባለ ሳጥን ወረቀት ፈለግሁ፤ ቤት ውስጥ አልነበረም፤ በናፕኪን ላይ ሣልኩላት።

ሁለቱን 7ዎች ሳሳያት ግን ጎንበስ አለች። «የትኛው ነው የተሠራው?» አለች። የታችኛው፣ አልኳት። «ፕሮግራሙ ግን አያውቅም?» አያውቅም። ይህ ከ16ቱ የበለጠ ገረማት፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

የቀረው የስህተት መልእክት ነበር። ሰው 3 4 ብቻ ጽፎ ቢልክ፣ መስመሩ አልቆ ቁልሉ ላይ ሁለት ቁጥር ይቀራል። ፕሮግራሙ በአማርኛ አንድ ነገር ማለት አለበት። እሷ «ቁጥር ተርፏል» ብላ ጻፈች። እኔ ልክ አይደለም አልኩ፤ ቁጥሮቹ ምን አጠፉ፣ በሥርዓት መጥተው የሚታዘዙትን እየጠበቁ ነው፤ የጎደለው ትእዛዙ ነው፣ «ግስ ጎድሏል» በይው። «አባዬ፣ ፕሮግራሙ የሚያየው ሊስቱ ውስጥ ስንት ቁጥር እንዳለ ነው፤ ሁለት ካለ ተርፏል» አለችኝ። አጎቴ ቢኖሩ በማን እንደሚፈርዱ አውቃለሁ፤ እሷ ግን የራሷን አስቀርታ ቀጣዩን ጥያቄ ከፈተች።